የራስን ሥራ በራስ መሥራት፦ ከመጀመሪያው ማስታወሻ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ግንቦት ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ በየግቢው በር አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ አይኖራቸውም። ጽሑፉን የሚያስጠርዘው፣ ገጽ የሚያስተካክለው፣ የአማካሪውን ፊርማ ይዞ የሚሮጠው ተመራቂ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰለፋል። በዚያው ሰልፍ ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት ተመራቂ በፍላሽ የተገለበጠ ጽሑፍ ይዞ የሽፋኑን ስም ብቻ ለማስቀየር የመጣም አይጠፋም። ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ሰልፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረው ልጅ ሽፋኑን አስቀይሮ፣ በምስጋናው ገጽ ላይ የሰፈረውን የሌላ ሰው እናት ስም ግን እንዳለ ትቶ፣ አስጠርዞ ሲሄድ አይቻለሁ።

ያ ልጅ የኮረጀው በዚያ ቀን አልነበረም። ጥቅምት ላይ እንደ ባሕር የሰፋ ርእስ ሲመርጥ፣ ታኅሣሥ ላይ ያነበበውን ሳይመዘግብ ሲቀር፣ መጋቢት ላይ አማካሪው ዘንድ መሄድ አፍሮ ሲሸሽ ቆይቶ፣ ግንቦት ላይ ሌላ መውጫ አጣ። ኩረጃ ከወራት በፊት በተበላሸ ማስታወሻ፣ ባልተከበረ ቀጠሮና ባልተጠየቀ ጥያቄ እየተጠራቀመ የሚመጣ ዕዳ ነው። በዚህም ምክንያት ይህ መመሪያ አብዛኛውን ቦታ የሰጠው ለፈተና አዳራሹ ሳይሆን ከዚያ በፊት ላሉት ተራ ሥራዎች ነው።

1. ደንቡን ከማስፈለጉ በፊት አንብቡ

የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይተዳደራሉ፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ጽሑፍ ስርቆትና ስለ ቅጣት የሚደነግገውን ዝርዝር የምታገኙት ግን በየተቋማችሁ የሴኔት ሕግ ውስጥ ነው። ሰነዱን ከሬጅስትራር ወይም ከዲፓርትመንታችሁ ጠይቁና ስለ ፈተናና ስለ ዲሲፕሊን የሚናገሩትን ክፍሎች ለይታችሁ አንብቡ። ብዙ ተማሪ ይህን ሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ነው። ስታነቡ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ምን ምን እንደ ጥፋት እንደሚቆጠር፣ በመጀመሪያ ጥፋትና በተደጋጋሚ ጥፋት መካከል ያለው የቅጣት ልዩነት፣ እንዲሁም ይግባኝ የሚቀርብበት ጊዜና ቦታ።

ተማሪዎች ኩረጃ ሲባል አጤሬራና ከጎን ሰው ወረቀት ማየት ብቻ ይመስላቸዋል። የሌላን ሰው ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ መውሰድ፣ ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ የራስ ማስመሰል፣ ያልሰበሰቡትን መረጃ ሰበሰብኩ ማለት፣ ላልሠሩበት የቡድን ሥራ ስም ማስገባት፣ ለአንድ ኮርስ ያስረከቡትን ጽሑፍ መምህሩ ሳያውቅ ለሌላ ኮርስ ማስረከብ፣ ገንዘብ ከፍሎ ማሠራት፣ ለሌላ ሰው ተከፍሎ መሥራትም ጭምር ከዚያው ጎራ ናቸው። ከትምህርት ቤት ደንብ ባሻገርም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይህ አዋጅ ከታተመ ሥራ ላይ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፣ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ግን ያዛል።

2. ርእሱን አጥብቡ፣ ጊዜውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

ለመኮረጅ የማይመች ርእስ መምረጥ ከኩረጃ መጠበቂያዎች ሁሉ ርካሹ ነው። «እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያስከተለው ተጽዕኖ» የሚል ርእስ የያዘ ተማሪ ፈተናውን ራሱ ጠርቶታል፤ አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ ሲስፋፋ ስለቆየ በርእሱ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ከዚህም ከዚያም ቆራርጦ አርባ ገጽ መሙላት አይከብድም። «በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች እምቦጭ በመጣበት ወቅት የማስገሪያ ቦታቸውን እንዴት ቀየሩ» ብሎ የጠበበ ተማሪ ግን መልሱን ከማንም ፍላሽ ላይ አያገኘውም፤ ወርዶ መጠየቅ ግዴታው ይሆናል። ርእሱ የጠበበበት ተማሪ ሥራው የቀነሰለት ይመስለዋል፤ በእርግጥ የቀነሰው የመስረቅ ዕድሉ ነው።

ከዚያ የማስረከቢያውን ቀን በወረቀት ላይ ጻፉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻው ሳምንት ለጥረዛና ለፊርማ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት የአማካሪውን እርማት ለማስገባት፣ ከዚያ በፊት ያለው ወር ለመጻፍ፣ ከዚያ በፊት ያለው መረጃ ለመሰብሰብ እያላችሁ ስትሄዱ፣ ማንበብ መጀመር የነበረባችሁ ካሰባችሁት ቀን ቀደም ብሎ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በቆጠራው ውስጥ መብራት የሚጠፋበትን፣ ኔትወርክ የማይኖርበትንና በዓላቱን አስገቡ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን ለወራት የቆየውን የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ያሳለፈ ተማሪ ይህን ማሳሰቢያ እንደ ትርፍ ነገር አያየውም። ያኔ ጽሑፎቻቸውን ቀደም ብለው አውርደው በፍላሽ የያዙት ልጆች ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ «ነገ አወርደዋለሁ» ያሉት ደግሞ የሲኒየሮቻቸውን ሶፍት ኮፒ ፍለጋ ዶርም ለዶርም ዞረዋል። የምታነቡትን ሁሉ ባገኛችሁበት ቀን አውርዱት፤ በሁለት ቦታም አስቀምጡት።

3. ማስታወሻ ስትይዙ የማን ቃል እንደሆነ ለዩ

ሳያስቡት በጽሑፍ ስርቆት የሚወድቁት ተማሪዎች በአብዛኛው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከሦስት መጻሕፍት በአንድ ደብተር ይገለብጣል። ከመጽሐፉ ቃል በቃል የወሰደው፣ በራሱ አነጋገር ያሳጠረውና እግረ መንገዱን ያሰበው ሐሳብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መስመር ተደባልቆ ይቀመጣል። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሲገልጥ ሁሉም በራሱ እጅ የተጻፈ ስለሆነ የራሱ ይመስለዋል። ይህን ተማሪ ሌባ ማለት ይከብደኛል፤ ጽሑፉን የሚመረምረው ሰው ግን ልቡን ሳይሆን ገጹን ነው የሚያየው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ምንጭ አዲስ ገጽ ክፈቱ። በገጹ ራስ ላይ፣ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት፣ የደራሲውን ሙሉ ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ ርእሱን፣ አሳታሚውን ወይም መጽሔቱን፣ ከኢንተርኔት ከሆነም አድራሻውንና ያነበባችሁበትን ቀን ጻፉ። ይህን «በኋላ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው በኋላ አይሞላውም። ከዚያ ገጹን በሁለት ቀጥ ባለ መስመር ለሦስት ክፈሉት። በግራው ቃል በቃል የወሰዳችሁትን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከገጽ ቁጥሩ ጋር፣ በመሐሉ ሐሳቡን በራሳችሁ አነጋገር አሳጥራችሁ፣ አሁንም ከገጽ ቁጥሩ ጋር፣ በቀኙ ደግሞ የራሳችሁን ጥያቄ፣ ጥርጣሬና ተቃውሞ ጻፉ። በኮምፒውተር ከሆነ ሦስቱን በሦስት ቀለም ለዩአቸው።

ወደ ጽሑፋችሁ ስትመጡ ከግራው ክፍል የሚገባው ጥቂት ብቻ ይሁን። የሕግ አንቀጽ፣ ትርጉሙ የሚያከራክር ቃል፣ ወይም ደራሲው ከማንም በተሻለ የተናገረው ዐረፍተ ነገር ካልሆነ በቀር ቃል በቃል መጥቀስ አያስፈልግም። የቀኙ ዓምድ ባዶ ከቀረ ግን የምትጽፉት የራሳችሁ ነገር ገና የለም ማለት ነው፤ ወደ ንባብ ተመለሱ።

4. በራስ ቃል መጻፍን ተለማመዱ

«በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ» የሚሉ ብዙዎች የሚያደርጉት ቃል በቃል መተካት ነው። ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ላይ ምሳሌ እንሥራ። የሚከተለውን ቁራጭ ለዚህ መመሪያ ብዬ ጻፍኩት፤ አንድ አበበ የሚባል ሰው በ2010 ዓ.ም. ጽፎታል እንበል፦

«ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ ሐይቅ በመሆኑ ነፋስ በወለሉ ላይ የተኛውን ደለል በቀላሉ ያናውጠዋል። በክረምት ከእርሻ ማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ሲጨመርበት ውሃው ይደፈርሳል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ብርሃንም ይቀንሳል።»

የመጀመሪያው ተማሪ እንዲህ ጻፈ፦ «ጣና ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ ስለሆነ ንፋስ ከሥሩ ያለውን ደለል ያለ ችግር ያነቃንቀዋል። በዝናብ ወራት ከማሳ ተጠርጎ የሚገባው አፈር ሲታከልበት ውሃው ይጨቀያል፤ ወደ ታች የሚደርሰው የፀሐይ ጨረርም ያንሳል።» አብዛኛው ቃል ተለውጧል፤ አጥንቱ ግን የአበበ ነው፣ የዐረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል እንኳ አልተነካም። ምንጭ ካልተጠቀሰበት ስርቆት ነው፤ ቢጠቀስበትም ተማሪው ሐሳቡን እንደ ተረዳው የሚያሳይ ምንም ነገር የለበትም።

ሁለተኛዋ ተማሪ ቁራጩን ሁለት ጊዜ አነበበች፣ መጽሐፉን ከድና ለዶርም ጓደኛዋ በቃል አስረዳቻት፣ ከዚያ በኋላ ጻፈች፦ «የጣና ውሃ የሚደፈርሰው ከሁለት አቅጣጫ በሚመጣ ደለል እንደሆነ አበበ (2010 ዓ.ም.) ያስረዳል፤ አንዱ በነፋስ ከሐይቁ ወለል የሚነሣው፣ ሌላው በክረምት ጎርፍ ከማሳ የሚገባው ነው። ይህ ጥናት የተካሄደው በጥርና በየካቲት ስለሆነ በዋናነት የሚለካው የመጀመሪያውን ነው።» የእርሷ ጽሑፍ ከምንጩ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል፤ የሌላውን ሐሳብ ተጠቅማ የራሷን ጥናት ወሰን አመለከተች። አሠራሩ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንብቡ፣ ክደኑ፣ ለሰው አስረዱ፣ ጻፉ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ የተመሳሰለ ሐረግ መኖሩን አመሳክሩ። በቃል ማስረዳት ካቃታችሁ ለመጻፍ ጊዜው አልደረሰም።

ትርጉምን በተመለከተ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ማቅረብ ምንጩ ካልተጠቀሰ ያው ስርቆት ነው። መተርጎም ልፋት ያለው ሥራ ስለሆነ ብዙዎች ላባቸውን ከሐሳቡ ባለቤትነት ጋር ያምታቱታል። በአማርኛ፣ በሕግ ወይም በታሪክ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጣችሁ ናችሁ፤ «ትርጉም የእኔ» ብላችሁ ምንጩን ጥቀሱ።

የምንኖረው የቅኔ አገር ውስጥ መሆኑም የሚረሳ አይደለም። ዋሸራን በመሰሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ነገ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ የሚጠበቅበት ያልተሰማ አዲስ ቅኔ ነው። «ቅኔ ዘረፈ» ቢባልለት ምስጋና ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያው ግስ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያውቀዋል።

5. ምንጭ ስትጠቅሱ ስሙንና ዘመኑን እንዳታበላሹ

አጠቃቀሱ ኤፒኤ ይሁን ሌላ ዲፓርትመንታችሁ ይወስናል፤ መመሪያውን ወስዳችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱን ብቻ ተከተሉ። እኔ የማተኩረው የውጭ መመሪያዎች ለእኛ በማይመቹባቸው ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስም ነው። የውጭው አሠራር የቤተሰብ ስም አስቀድሞ የራስን ስም በፊደል ያሳጥራል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። የ«አበበ በሶ በላ»ው አበበ አድጎ መጽሐፍ ቢጽፍ፣ አባቱም ከበደ ቢባሉ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው «አበበ ከበደ» ተብሎ በ«አ» ሥር ነው። «ከበደ፣ አ.» ብላችሁ ከጻፋችሁት መጽሐፉን ያልጻፉትን አባት ደራሲ አደረጋችኋቸው፤ ምንጩን ፈልጎ ሊያረጋግጥ የሚሄድ ሰውም አያገኘውም። ዲፓርትመንታችሁ የግድ ስሙን ገልብጡ ካለ ትእዛዙን ተከተሉ፣ በጽሑፉ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ይሁን።

ሁለተኛው ዘመን ነው። በመጽሐፉ ላይ 2015 ዓ.ም. የሚል ከታተመ እንደዚያው ጻፉት። ዓመቱ በፈረንጆች ከመስከረም 2022 እስከ መስከረም 2023 የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ሰባት ደምሮ ወይም ስምንት ደምሮ አንድ ዓመት መጻፍ ግምት ይሆናል። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ 2022/23 ብላችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ።

ምን ይጠቀሳል፣ ምን አይጠቀስም ለሚለው፦ ዓባይ ከጣና መውጣቱን ለመናገር ምንጭ አያስፈልጋችሁም፤ ስንት ውሃ እንደሚወጣ ለመናገር ያስፈልጋችኋል። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ሌላ ሰው ስለጠቀሰው ብቻ እንዳነበባችሁት አድርጋችሁ አትዘርዝሩ፤ «እገሌ እንደጠቀሰው» በሉ።

6. መረጃውን ራሳችሁ ሰብስቡ፣ የጎደለውንም ጎደለ በሉ

በምስክርነት ልናገር የምችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተሞላ መጠይቅ ያስታውቃል። ሁሉም ቅጽ ንጹሕ ነው፣ እስክሪብቶው አንድ ነው፣ መልስ ያልሰጠ ሰው የለም፣ ዕድሜው ሁሉ በአምስትና በዜሮ ያበቃል። ሐይቅ ዳር ጠዋት ወርዶ የተሞላ ቅጽ ደግሞ ውሃ ነክቶታል፣ አንዱ ሽማግሌ ለአራተኛው ጥያቄ «ይህን ተወው ልጄ» ብለዋል፣ ሌላው ጀልባው ሲመጣ አቋርጦ ሄዷል።

ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳየው የራሱ የጣና ታሪክ ነው። በሐይቁ ያሉት ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች መልካቸው እጅግ ስለሚለያይ፣ በአንድ ወቅት እንደ አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ተቆጥረው ነበር። ኋላ ግን ተመራማሪዎች የአፋቸውን አቀማመጥ፣ የራሳቸውን ርዝመትና የአካላቸውን ቅርጽ አንድ በአንድ እየለኩ፣ በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከደርዘን በላይ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል። ለኪዎቹ «ከሌሎቹ ራቀ» እያሉ ቁጥሩን ወደ መሐል ቢያስጠጉት ኖሮ የጣና ትልቁ ሀብት በወረቀት ላይ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ገጾቹ የተሰፉ ደብተር ግዙ፤ ልቅ ወረቀት ይጠፋል፣ ለመለወጥም ይፈትናል። በየቀኑ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታና አብሯችሁ የነበረውን ሰው ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ አስፍሩ፤ አታጥፉት። ከማነጋገራችሁ በፊት ለምን እንደምትጠይቁ ለሰውየው አስረዱና ፈቃዱን ጠይቁ፤ ስማቸውን በቁጥር ተኩና የስምና የቁጥሩን ዝርዝር ለብቻው ያዙ። አንድ አምባዛ ወይም ቆሮሶ ከሌሎቹ ሁሉ የራቀ ልኬት ከሰጠ ደግማችሁ ለኩ፤ ያው ከሆነ እንዳለ መዝግቡትና ስለ እርሱ በውጤት ክፍላችሁ ተናገሩ። 120 ሰው ለማነጋገር አቅዳችሁ 87 ካገኛችሁ፣ 87 ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። መርማሪ መምህር በ87 አይጥላችሁም፤ በ120 ውስጥ ሠላሳ ሦስት ያልተፈጠሩ ሰዎች ካገኘ ግን ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠራል።

ስሌቱን ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራት እንደ ልማድ ስለተያዘ አንድ ቃል፦ ከመክፈላችሁ በፊት አማካሪያችሁን ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይሠራ፤ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ለምን እንደተመረጠ በራሳችሁ አፍ ማስረዳት እስክትችሉ አትነሡ፤ በምስጋናው ገጽም ማን ምን እንዳገዛችሁ ግለጹ። ሙሉ ጽሑፉን «እንሠራለን» የሚሉትን የቴሌግራም ቻናሎች በተመለከተ ግን የሚጠየቅ ነገር የለም። አንዱን ጽሑፍ ለስንት ሰው እንደሸጡት አታውቁም፣ ስማችሁንና የክፍያችሁን ማስረጃ የያዘው ሰው ነገ ምን እንደሚጠይቃችሁም አታውቁም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና የተባለው ለዚህ ይሆናል።

7. የቡድን ሥራ፦ ስም ከሥራ ጋር ይጻፍ

አንድ ለአምስት እየተባልን ተደራጅተን ያደግን ትውልድ ስለሆንን፣ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም ማስገባታቸው ነውር አይመስለንም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሥራውን ከፋፍላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና ሁሉም ይፈርም። ስታስረክቡ ያቺን ገጽ ከተሠራው ጋር አስተካክላችሁ ከኋላ አያይዙ። «ስሜን ጻፉልኝ» የሚል ጓደኛ ሲመጣ ቁርጥ ያለ እምቢታ ከመስጠት ይልቅ ያልተሠራ ክፍል ስጡት፤ ማጣቀሻ ማስተካከልም ቢሆን። ከሠራ ስሙ ይገባል። የምትቸገሩት ካልሠራ ነው፤ ያኔ ገጿ ትናገርላችኋለች።

8. ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የመመሳሰል መቶኛ

ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ማን ጻፈው» የሚለው ጥያቄ ከብዷል። መምህራችሁ መጠቀምን ፈቅዷል ወይ? ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቡ። ከፈቀደ፣ ያልገባችሁን ሐሳብ እንዲያብራራላችሁ፣ ወይም የጻፋችሁትን አይቶ የተዘበራረቀውን አንቀጽ እንዲጠቁማችሁ ተጠቀሙበት፤ የጠየቃችሁትንና የመለሰላችሁን አስቀምጡ፣ በጽሑፋችሁም ላይ ለምን እንደተጠቀማችሁበት ግለጹ። ምንጭ ስጠኝ አትበሉት። በመልክ ሁሉ ትክክለኛ የሚመስሉ፣ ደራሲና ገጽ ያላቸው፣ ነገር ግን በዓለም ላይ የሌሉ ጽሑፎች ይደረድርላችኋል፤ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው። እያንዳንዱን ምንጭ ራሳችሁ አግኝታችሁ ከፍታችሁ ካላያችሁ አታስገቡ።

ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያነጻጽሩት እንደ ተርኒቲን ያሉ ማመሳከሪያዎች የሚሰጡት መቶኛ የጥፋት መለኪያ አይደለም። የማጣቀሻ ዝርዝራችሁ፣ በትእምርተ ጥቅስ ያስገባችሁት፣ የመጠይቃችሁ ቅጽ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በአንጻሩ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ስርቆት ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩን ለማውረድ ቃላት መለዋወጥ የጀመረ ተማሪ ወደ አራተኛው ክፍል ይመለስ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ለመለየት የሚሠሩ መሣሪያዎችም ይሳሳታሉ፤ የራሱን ሥራ የጻፈ ንጹሕ ተማሪም ሊጠረጠር ይችላልና፣ ረቂቆቻችሁን በየቀኑ በተለያየ ስም እያስቀመጡ መሄድ ከሁሉ የተሻለ መከላከያችሁ ነው።

9. ፈተናና ይሉኝታ

የዛሬ የኮሌጅ ተማሪ ፈተና ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ ተሰርዟል፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ደግሞ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። በሚድና በፋይናል ከጎን የተወሰደ መልስ እዚያ ቀን አይገኝም።

ይሁንና በልምዴ ብዙውን ጥሩ ተማሪ ፈተና ላይ የሚያሰናክለው ይሉኝታ ነው። አብሮት የሚበላ፣ ሲታመም ያስታመመው የዶርም ጓደኛው «አሳየኝ» ሲለው እምቢ ማለት ንፉግነት ይመስለዋል። ይህን በአዳራሽ ውስጥ መፍታት አይቻልም፤ ከሳምንት በፊት ነው የሚፈታው። ጓደኛችሁን ቀድማችሁ ፈልጉና «ፈተና ላይ አላሳይህም፣ እስከዚያ ግን በየማታው ሁለት ሰዓት አብሬህ አጠናለሁ» በሉት። የሰጣችሁት ነገር ስላለ እምቢታው አይጎመዝዝም። ደግሞም ለማስረዳት ስትቀመጡ የምታጠኑት እናንተ ናችሁ።

በፈተናው ቀን ስልካችሁን ዶርም ተዉ፤ የተዘጋ ስልክ በኪስ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ደብተር፣ ማስታወሻ ያለበት ማስመሪያ፣ በመዳፍ ላይ የተጻፈ የስልክ ቁጥር እንኳ ሳይቀር ከመግባታችሁ በፊት አስወግዱ። የምትቀመጡበትን ዴስክ ላይና ሥር ተመልከቱ፤ ከእናንተ በፊት የተፈተነ ሰው የጻፈበት ካለ ወረቀቱ ሳይታደል ለፈታኙ አሳዩ። ፈተናው ከተጀመረ በኋላ የተጠቀለለ ወረቀት አጠገባችሁ ቢወድቅ አታንሡት፣ በእግራችሁም አትግፉት፤ እጃችሁን አውጡ። ማን እንደወረወረው መናገር ግድ አይደለም፤ ወረቀቱ የእናንተ አለመሆኑን ግን ወዲያው ማስታወቅ ያስፈልጋል።

10. ስሕተት ከተፈጸመ፣ ወይም ከተጠረጠራችሁ

ካስረከባችሁ በኋላ ምንጭ ያልጠቀሳችሁበት አንቀጽ ብታገኙ፣ መምህሩ ሳያገኘው በፊት ሂዱ። «መምህር፣ በገጽ 14 ያለው አንቀጽ የእኔ አይደለም፣ ምንጩን ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፣ የታረመው ይኸው» የሚል አጭር ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ። ውጤት ሊቀነስባችሁ ይችላል፤ ከተያዙ በኋላ ከሚመጣው ጋር ግን አይወዳደርም።

ተጠርጥራችሁ ብትጠሩ ክሱን በጽሑፍ ጠይቁ። በስሜት ተነሥታችሁ ከመምህሩ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ቤተሰብ ወይም ዘመድ ልካችሁም አታስለምኑ፣ ሽምግልና ለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበላሸዋል። ረቂቆቻችሁን በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጁ፣ የማስታወሻ ደብተራችሁን፣ የአማካሪያችሁን እርማት ያለበትን ወረቀት፣ መስክ የወጣችሁበትን የመዝገብ ደብተር ይዛችሁ ቅረቡ። የሠራችሁት ካለ ያንን ክፍል ብቻ ለይታችሁ እመኑ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ካላችሁ በሴኔት ሕጉ በተቀመጠው ቀን ውስጥ ይግባኙን በጽሑፍ አስገቡ፤ የተቀበሏችሁበትንም ቀን በቅጂው ላይ አስፈርሙ።

ከተመረቃችሁ በኋላም ያን ደብተር አትጣሉት። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ጥሬ መረጃውን የያዘውን ፍላሽ በውስጡ ጨምራችሁ፣ ከዲግሪያችሁ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ሁለተኛ ዲግሪ ስትጀምሩ ወይም በሐይቁ ዳር የሚሠራ ሌላ ተማሪ ልኬታችሁን ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ትፈልጉታላችሁ።